ሻማ ነኝ የሚለው ዕጩ መምህር፦ ስለ አንድ የምልሰት ሴሚናር የቀረበ ግምገማ

በጎጃም ከሚገኙት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት በአንዱ፣ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ከመሰማራታቸው አስቀድሞ የሚጀምርና ልምምዱ እስኪጠናቀቅ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሚቀጥል የምልሰት (ሪፍሌክሽን) ሴሚናር ይሰጣል። ዓላማው ሠልጣኙ ስለ ማስተማር፣ ስለ ተማሪና ስለ ዕውቀት ይዞት የመጣውን እምነት አውጥቶ እንዲያየው፣ ከየት እንዳገኘው እንዲጠይቅና በክፍል ውስጥ ከሚያጋጥመው ጋር እንዲያመዛዝነው ማድረግ ነው። እኔ ለልምምድ የሚመጡ ሠልጣኞችን የምቀበል የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ተቋሙ ተቀባይ መምህራንን በሴሚናሩ እንዲገኙ ስለሚጋብዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። የምነቅፈውም ስላለ ተቋሙን በስም አልጠራውም። ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ የሴሚናሩ አሠራር በመምህርነት ዘመኔ ከተካፈልኩባቸው ሥልጠናዎች ሁሉ የተሻለ ነው፤ ምዘናው ግን አሠራሩ የገነባውን መልሶ ያፈርሳል።

እንዲህ ያለ ሴሚናር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት፣ መምህርነት ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበትን አንድ ነገር ማሰብ ያሻል። ነርስ ለመሆን የሚገባ ወጣት በሆስፒታል አላደገም፤ ዳኛ የሚሆነውም ልጅነቱን በችሎት አላሳለፈም። መምህር ለመሆን የሚመጣው ግን ከሥልጠናው በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር ሲያስተምር እያየ ኖሯል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጉዳይ ሲያነሣ፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ ከመምህራን ጋር 13,000 ሰዓት ያህል እንደሚያሳልፍ ገምቶ ነበር። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ በፈረቃ በሚማርበት አገር ሊያንስ ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ተማሪው በእነዚያ ሰዓታት የሚያየው መምህሩ በሰሌዳ ፊት የሚያደርገውን ብቻ ነው፤ ማታ የትምህርት ዕቅድ ሲያወጣ፣ የትኛውን ምሳሌ እንደሚያስቀድም ሲያመነታ፣ ያሰበው አልሆን ሲለው በልቡ ሌላ መንገድ ሲፈልግ አያየውም። ስለዚህ ማስተማር ማለት ቆሞ መናገር፣ መጻፍና ማስገልበጥ ነው የሚለው እምነት ማንም ሳይሰብከው ያድርበታል።

በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው አሠራር መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ዕጩ መምህራን በፊዚክስ፣ በታሪክ ወይም በሌላ የትምህርት ዓይነት በዲግሪ ከተመረቁ በኋላ የማስተማር ሙያውን በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይጨምራሉ። ይህ ማለት ከአሥራ ሁለቱ ዓመት በላይ የዩኒቨርሲቲውን ሌክቸርም ተሸክመው ይመጣሉ ማለት ነው፤ አንዳንዶቹ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሚያቀርቡት ትምህርት በሦስተኛ ዓመት የተማሩት ሃንድአውት ቅጂ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሴሚናሩ የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ይመስላል። ሠልጣኙ ካስተማሩት መምህራን መካከል የማይረሳውን አንዱን መርጦ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ ነገር ግን መምህሩ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ መጻፍ ክልክል ነው፤ የሚጻፈው በክፍል ውስጥ ምን ያደርግ እንደነበረ ብቻ ነው። «ጎበዝ ነበር»፣ «አባታችን ነበር»፣ «ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይሰረዛሉ። ይህች ክልከላ ብቻዋን ግማሽ አዳራሹን እስክሪብቶ አስቀመጠች፤ የሚወዱትን መምህር አመስግኖ ለመጻፍ የተዘጋጀ ሰው፣ ያ መምህር ሰኞ ጠዋት ገብቶ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን እንደነበረ ሲጠየቅ የሚለው ያጣል። ቀጥሎ ወረቀቱ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤቱም በገጹ ላይ ተማሪ አንድ ነገር ሲያደርግ የተጻፈበትን ቦታ እየፈለገ ያሰምርበታል። ዝም ብሎ ማዳመጥና መገልበጥ አይሰመርበትም። እኔ ከተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ከተመለሱት ወረቀቶች አብዛኞቹ አንድም መስመር አልነበረባቸውም። አሠልጣኟ ምንም አስተያየት ሳትሰጥ ወረቀቶቹን ለባለቤቶቹ አስመለሰች፤ ማስተማር የሚያውቅ ሰው ምን ጊዜ ዝም እንደሚል በዚያች ቅጽበት አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን «መምህር ማለት እንደ ምን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። መልሱን አንባቢም ይገምተዋል፤ ከአንደኛ ደረጃ ግድግዳ እስከ ምረቃ መጽሔት ድረስ የምናውቀው፣ ራሱ ቀልጦ ለሌላው የሚያበራው ሻማ ነው። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ይህንኑ ጻፉ። አሠልጣኟ ሻማውን አልነቀፈችም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ሻማው ሲበራ ተማሪው ምን እየሠራ ነው?» ከኋላ አንድ ልጅ «ብርሃኑን እያየ ነዋ» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ የተደረገው ውይይት ግን ቁም ነገር ነበረው። ስለ መምህሩ መሥዋዕትነት የሚናገረው ይህ ሥዕል ስለ መማር አንዳች አይናገርም፤ ከዚያም አልፎ፣ መምህሩ ቀልጦ ካለቀ በኋላ ተማሪው በጨለማ ይቀራል ማለት ነው። ከቡሬ በኩል የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ገበሬ ብላ ጽፋ ነበር፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ አባቷ በአንዱ ማሳ የዘራውን በሌላው እንደማይዘራ፣ አፈሩን ሳያይ ዘር እንደማያነሣ ተናገረች። ይህ አባባል በዚያ ቀን ከተሰሙት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ በኋላ በልምምዱ ጊዜ ተማሪዎቿ ምን እንደሚያውቁ ሳትጠይቅ ትምህርት የማትጀምር እሷ ብቻ ስለነበረች፣ አባባሉ የአፍ ጌጥ እንዳልነበረ አረጋግጫለሁ።

የሴሚናሩ ሞጁል አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ ራሱን የሚመረምር ሰው ሊኖሩት ይገባል ያላቸውን ሦስቱን ጠባዮች፣ ማለትም ክፍት አእምሮን፣ ሙሉ ልብንና ኃላፊነትን ያነሣል፤ ሌላው አሜሪካዊ ምሁር ዶናልድ ሾን በሥራ ላይ እያሉ በማሰብና ከሥራ በኋላ በማሰብ መካከል ያደረገውን ልዩነትም ያስረዳል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን ደረቅ ከመሆኑ የተነሣ ሠልጣኞቹ ለፈተና ከማስመር ያለፈ ጥቅም አላገኙበትም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በጎጃም ምድር ተዘጋጅቶ ለጎጃም ልጆች የሚሰጥ ሞጁል ስለ አብነት ትምህርት ቤት የሚለው አንድ አንቀጽ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የኔታን የሽምደዳ ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል።

ይህን አንቀጽ የተቃወመው በቅኔ ቤት አልፎ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣ አንድ ሠልጣኝ ነው። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት የመምህሩን ቃል እንደወረደ መመለስ ግዴታ መሆኑን አልካደም፤ ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው አለ። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉት የቅኔ ጉባኤያት ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በየደረጃው የሚጠበቅበትም የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ በመምህሩ ፊት መንገር ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ነውር ነው፤ ትናንት የነገረውን ዛሬ ቢደግመውም አይቆጠርለትም። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ምሥጢሩ የሳሳበትን ቦታ ያሳያል። «እንግዲህ ጋሼ» አለኝ በሻይ ሰዓት፣ «ከዚህ በላይ ተማሪ ተኮር የት አለ?» እውነቱን ነው። ተማሪ ሠርቶ የሚያቀርብበት፣ መምህር ሰምቶ የሚያርምበት ሥርዓት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ በሞጁሉ ሲቀርብ፣ ከደጃፋችን ያለውን አለማየቱ የሞጁሉ አዘጋጆች ራሳቸው ያልመረመሩት ግምት አላቸው ያሰኛል። አሠልጣኟ ክርክሩን በበጎ ተቀብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠልጣኙ አዳራሹን እንዲያስረዳ ጊዜ ሰጠችው፤ ለዚህ ሴሚናር ከፍ ያለ ነጥብ እንድሰጥ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ የሚሠራው ሥራ የድምፅ ቅጂ ነው። ሠልጣኙ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አድርጎ የራሱን አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀዳል፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እያዳመጠ ስንት ጥያቄ እንደጠየቀ፣ ማን እንደመለሰና ከጥያቄው በኋላ ምን ያህል እንደጠበቀ በወረቀት ይመዘግባል። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደችው ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና የሚሳተፈውም ተማሪ እንደሚበዛ አሳይታለች። ሠልጣኞቹ ይህን አንብበው ነበር፤ የራሳቸውን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ግን ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሏቸዋል።

እኔ ዘንድ የተመደበው ሠልጣኝ ያስተማረው ስለ ፎቶሲንተሲስ ነበር። ቅጂውን አብረን አዳመጥን። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ይሄዳል፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ «ገባችሁ?» ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ትምህርቱም ይቀጥላል። በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ «ገባችሁ?» እየደጋገመ መጣ፤ ከዚያ ውጭ ያለ ጥያቄ ግን አንድም አልነበረም። በማግስቱ ክፍል ስንገባ፣ ትናንት ጮክ ብላ «አዎ» ስትል ከነበረችው ሁለተኛ ዴስክ ላይ ከምትቀመጥ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዲጠይቃት ነገርኩት። «በቆሎ ከአንዲት ፍሬ ተነሥቶ ያን ያህል የሚያድገው አካሉ ከምን እየተሠራ ነው?» አላት። ልጅቷም ሳታመነታ «ከአፈሩና ከማዳበሪያው» አለችው። ተክል አካሉን በአብዛኛው የሚሠራው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ መሆኑ የትናንቱ ትምህርት ዋና ነገር ነበር። ሠልጣኙ «አዎ» ስትል ምን ማለቷ እንደነበረ ጠየቀኝ፤ እኔም ለእሷ እንዲያቀርብላት መለስኩለት። «አዎ ካላልን ቲቸር ይደግመዋል፣ ሰዓቱም ያልቃል» አለችው። አንድ መቶ ገጽ ሞጁል ይህን ያህል አያስተምርም።

ቅጂዎቹን በጋራ ለማዳመጥ የተመደበው አዳራሽ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን አይደለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የመስከረም ዝናብ ሲጀምር የስልክ ድምፅ ይቅርና የጎረቤት ንግግር አይሰማም። ድምፅ ማጉያ የለም። የሞጁሉ ኮፒ በሠልጣኙ ወጪ ነው። ሻይው ጥሩ ነበር። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ልምምዱ በከተማ ትምህርት ቤቶች ብቻ መወሰኑ ከነዚህ ሁሉ የከፋ ጉድለት ነው፤ አብዛኞቹ ሠልጣኞች ተቀጥረው የሚሄዱት ወደ ገጠር ወረዳ ስለሆነ፣ የገጠር ተማሪን በተመለከተ የያዙት ግምት ሳይፈተሽ ይቀራል። ለዚህ ግን ተቋሙን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ስለ ቅጣት የተደረገውን ክፍለ ጊዜ በተለይ ማንሣት እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ይህን የማያውቅ ሠልጣኝ አልነበረም። ሆኖም «እኔ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚለው አባባል ከአንድ ጥግ ሲነሣ ብዙ ራስ ይነቀነቃል። አሠልጣኟ ሕጉን ከመጥቀስ ይልቅ አብሮህ ከተገረፈውና ትምህርቱን ካቋረጠው ልጅ አንዱን በስም አስታውስ አለች። የሚጠራው ስም ያጣ ሰው አልነበረም። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት የዘለቁት ብቻ መሆናቸውንና ስለ ዱላ የሚመሰክሩትም እነሱ ብቻ መሆናቸውን ሠልጣኞቹ ራሳቸው ደረሱበት። ሕጉን አስቀድማ ብታነብ ኖሮ ሁሉም «ልክ ነው» ብሎ ወደ እምነቱ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ምዘናው ልለፍ፤ ቅሬታዬ ያለው እዚህ ነውና። ከሴሚናሩ ውጤት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሠልጣኙ በመጨረሻ የሚያስገባው የምልሰት ጽሑፍ፣ ሁሉም ሪፍሌክሽን የሚለው ነው። ሩብሪክ የሚባለው የማረሚያ መስፈርት ደግሞ «የአመለካከት ለውጥ አሳይቷል» የሚል ነጥብ አለበት። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሠልጣኙ የሚጠበቀውን ያውቃል፦ ቀደም ሲል መምህር ተኮር ነበርኩ፣ ሴሚናሩ ዓይኔን ከፈተልኝ፣ ዛሬ ተማሪ ተኮር ሆኛለሁ። ካለፈው ዓመት የተረፈ ጽሑፍ በቴሌግራም ይዞራል፤ ስም ተቀይሮ ይገባል። እኔ ዘንድ የነበረው ሠልጣኝ በበቆሎው ጥያቄ የተማረውን አንድም መስመር አልጻፈም፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ያ ከሩብሪኩ ጋር አይሄድም» አለኝ።

በአገራችን ይህ ችግር ከሌላው ዓለም የበለጠ ሥር አለው ብዬ አምናለሁ። በግምገማ ስብሰባ ያደገ ትውልድ ነን፤ ሂስና ግለ ሂስ ምን እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው በስብሰባ ፊት ቆሞ ጉድለቱን የሚዘረዝረው ጉድለቱን ስላወቀ ላይሆን ይችላል፤ ባይዘረዝር የሚመጣበትን ስለሚያውቅ ነው እንጂ። እምነትን መመርመር በነጥብ ሲታሰር ወደዚሁ የታወቀ ልማድ ይንሸራተታል፤ ሠልጣኙም ራሱን የሚመረምር መምህር ሳይሆን ኑዛዜ የሚያሳምር ጸሐፊ ሆኖ ይወጣል። አሠልጣኟ ይህን አታጣውም፤ መስፈርቱ ግን ከእሷ በላይ ባለ አካል የወጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ሴሚናሩ ሳይታወቀው ቀድሞ የተያዘ እምነት ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ ይነሣል። አንድ የሂሳብ ሠልጣኝ የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝ እንዳለበት አጥብቆ ተከራክሮ ነበር፤ ምክንያቱንም በሚገባ አቅርቧል። በውይይቱ መጨረሻ ላይ ግን ሐሳቡን እንደተወ አስመስሎ ጻፈ፤ ነጥብም አገኘበት። እምነትን መርምሮ ማጽናትም ምርመራ ነው። ለክፍል ተማሪዎች ቁጥር በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ 40 ሆኖ ሳለ ከዚያ የሚበልጥ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚገባ ሠልጣኝ፣ በጋራ ማስነበብ ወይም በቃል ማስያዝ የት ቦታ እንደሚጠቅም ቢያስብ ነውር የለበትም። «ተማሪ ተኮር» የሚለው ራሱ ያልተመረመረ እምነት እየሆነ ስለመጣ፣ የሴሚናሩ አዘጋጆች ለሠልጣኙ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ለራሳቸውም ቢያቀርቡት መልካም ነው።

የተቋሙ ሱፐርቫይዘር ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጹን ሞላ፤ ከሠልጣኙም ከእኔም ጋር ሳይነጋገር ሄደ። የትምህርት ዕቅዱ ፊርማ ስለሌለው ነጥብ ቀንሷል። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችንም የሚረዳ ነገር የለም፤ ሠልጣኙ ስለ ድምፅ ቅጂው ሲያወራ የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ተወው አንተ ልጅ፣ ይሄ የኮሌጅ ነገር ነው፤ ስትቀጠር ታየዋለህ» አለው። ዛይክነርና ታባችኒክ የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን በ1981 እ.ኤ.አ. የመምህራን ሥልጠና ውጤት በትምህርት ቤት ሕይወት ታጥቦ ይጠፋል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። የእኛን ማረፊያ ክፍል ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበረ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ተቀባይ መምህራንን በሴሚናሩ ማሳተፍ ለዚህ ችግር የተገኘ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ጉድለቱ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ብቻ መጋበዙ ነው።

ወደዚህ ተቋም የሚገባ ሠልጣኝ ካለ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጽሑፍና የድምፅ ቅጂውን ሥራ ከምር እንዲይዘው፣ ለራሱ የሚጽፈውንም ማስታወሻ ለነጥብ ከሚያስገባው ለይቶ በሌላ ደብተር እንዲያኖር እመክረዋለሁ። ተቋሙ ደግሞ የምልሰት ጽሑፉን ከነጥብ አውጥቶ ገብቷል ወይም አልገባም በሚል ብቻ ቢመዘግበው፣ ነጥቡን ሠልጣኙ ከአንድ ተማሪ ጋር ተቀምጦ ባደረገው ንግግር መዝገብና ከዚያ ተነሥቶ ባሻሻለው የትምህርት ዕቅድ ላይ ቢያደርገው ወጪ አይጠይቅም። ይህ ባይለወጥም በሚመጣው ዓመት ሠልጣኞችን እቀበላለሁ፤ ከሴሚናሩ ለሚመጣው የጥሪ ደብዳቤም ሁለት ባልደረቦቼን ጨምሬ እንደምመጣ ከወዲሁ አሳውቄያለሁ፤ አንደኛው «የኮሌጅ ነገር ነው» ያለው ነው።